የጋሽ ዱካሞ ዜና

ጻፊልን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። ነገሩ የተነሣው በዲሽ ነው። የቤታችን የዲሽ ውል ሊያልቅ ሲል፣ ይታደስ አይታደስ የሚል ክርክር ቤቱን ለሁለት ከፍሎት ሰነበተ። ልጄ ብርቱካን «የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ዘይት ጨመረ፣ ደመወዜ ግን ባለበት ቆሟል፤ ዘንድሮ ይቅርብን» አለች። ወንዱ የልጅ ልጄ «ኳሱስ?» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። እህቱ ደግሞ «ኳስህን በስልክ እይ፤ የእማማ ድራማ ነው በስልክ የማይታየው፣ ዓይኗ አይችልም» ብላ እኔን ጋሻ አደረገችኝ። ድራማውን የምታየው እሷ መሆኗን ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ስሰማ ቆየሁና «በቴሌቪዥን ውል ስትጨቃጨቁ ጋሽ ዱካሞ ትዝ አሉኝ» አልኩ።

«ጋሽ ዱካሞ ደግሞ ማናቸው?»

«ውል ማደስ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።»

«በናንተ ጊዜ ምን ዲሽ ነበርና!»

«ዲሽ አልነበረም። ሽቦ ነበር።»

ከዚያ በኋላ አልለቀቁኝም። እኔ እንግዲህ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ታቅፌ በመሠረተ ትምህርት ነው። አንዱን ወሬ ጀምሬ ሌላው ውስጥ ብገባ እንደ መጻፍ ሳይሆን እንደ መጫወት ቁጠሩልኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ቤታችን ዛሬ ባህል አዳራሽ በሚባለው በኩል ነበር፤ ቆርቆሮው ሲሞቅ እንደ ምጣድ የሚንጣጣ የኪራይ ቤት። ባለቤቴ ታደሰ የመንዝ ሰው ነው፤ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ከእኛ ግቢ ቀጥሎ የቀርከሃ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ትልቅ ማንጎ፣ ከማንጎው ሥር የጋሽ ዱካሞ ቤት።

ጋሽ ዱካሞ የሲዳማ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ መሬቱን እንዳያሳምሙት የሚጠነቀቁ የሚመስሉ። ሥራቸው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዘንድ የተቀደደ መረብ መጠገን ነው። መረብ የሚሰፉበትን ወስፌ የምታህል የእንጨት መርፌ ባርኔጣቸው ላይ ሰክተው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ረስተዋት ቤት ለቤት ይፈልጓታል። ብርቱካን ያኔ ትንሽ ናት፣ ባርኔጣቸው ላይ እያየቻት ዝም ትላቸዋለች፤ ሲፈልጉ ማየት ያስቃታል።

የማይረሳኝ ነገር ቢኖር አነጋገራቸው ነው። ለሁሉም «እርስዎ» ነው የሚሉት። ለባለቤቴ «እርስዎ»፣ ለእኔ «እርስዎ»፣ ለብርቱካን «እርስዎ»። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል «እርስዎ ከዚያ ዓሣ ይራቁ! ነውር ነው በእርስዎ!» ሲሉ ሰምቼ እንግዳ መጣባቸው ብዬ ወጣሁ። ድመት ነበረች። ብርቱካንማ ይህን ለምዳ ቤት ውስጥ አስቸገረችን። «ነይ ብዪ» ስላት «ጋሼ ዱካሞ ይምጡ ነው የሚሉኝ» ብላ ታኮርፋለች።

ባለቤቴ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለልጅ እኮ አንቺ፣ ለወንድ ልጅ አንተ ነው የሚባለው» አላቸው፤ ሊያርማቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «በወጣትነቴ የመንግሥት በር ጠብቄያለሁ። አማርኛ እዚያ ነው የተማርኩት። የሚገባውም የሚወጣውም አንተ ይለኛል። አንተን እኔ ጠግቤያታለሁ፤ ለሌላ ሰው አላቀርባትም።»

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ አላረማቸውም።

ቴሌቪዥኑ እንዴት መጣ? መረብ ያስጠገነ አንድ ሰው ዝርዝር አጣና በክፍያው ፋንታ የሎተሪ ቲኬት ሰጣቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸው ውስጥ ሸጎጡት። ቲኬቱ ቴሌቪዥን አወጣ። መቼም የዚያን ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማንጎው ሥር ነበር። ሳጥኑ ከነካርቶኑ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ጋሽ ዱካሞ ከፊቱ ቆመው፣ እሱም እሳቸውም የተፈራሩ ይመስላሉ። ቤታቸው መብራት የለው። ሳጥኑን ሊገዛ የመጣው ብዙ ነው። «ሽጡት ጋሼ፣ በኩራዝ ቴሌቪዥን አይታይ» ይሏቸዋል።

«አልሸጥም» አሉ። «ዳንጊሴ ትየው።»

ዳንጊሴ ሚስታቸው ናቸው። እትዬ ዳንጊሴ ከአለታ በኩል ነው የመጡት። እግራቸው አብጦ መራመድ ከተሳናቸው ቆይቷል። ጠዋት ጋሽ ዱካሞ ደግፈው ያወጧቸውና ማንጎው ሥር ያስቀምጧቸዋል፤ ሲመሽ ደግፈው ያስገቧቸዋል። አዋሳን አያውቋትም ማለት ይቻላል። ሐይቁ እንኳን ቅርብ ሆኖ፣ የሚያውቁት ከባላቸው ልብስ ላይ በሚሸተው ዓሣ ነው። አማርኛም አይሰሙም። እኛ በአጥሩ በኩል «እንዴት አደሩ እትዬ?» ስንላቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ፈገግ ይሉልናል፤ አለቀ። ቆንጆ ፈገግታ ነበራቸው።

በማግስቱ ጋሽ ዱካሞ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌ ይዘው እቤታችን መጡ። እኔ ደነገጥኩ፤ ብርቱካን ገና ሕፃን ናት፣ ማንን ሊጠይቁ ነው ብዬ። ለካ ሊጠይቁ የመጡት መብራት ነው።

«በአጥሩ ላይ ሽቦ ልሳብ» አሉ። «መብራቱ ከእርስዎ። የቴሌቪዥኑ የዓመት ፈቃድ ከእኔ። ማየቱ የሁለታችን ቤት። ወንበር ካነሰ የሚቆመው የእኔ ቤት ሰው ነው።»

ባለቤቴ ሳቀ። «ለዚህ ምን ሽማግሌ ያስፈልጋል ጋሼ? ይሳቡ!»

«አይሆንም። ውል ነው። ለአንድ ዓመት።»

«ለምን ለአንድ ዓመት? ለሁልጊዜ ይሁን።»

ጋሽ ዱካሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁልጊዜ የሚባለውን አላውቀውም። ዓመትን ግን አውቀዋለሁ። ዓመቱ ሲዞር መጥቼ ዓይንዎን አያለሁ፣ እርስዎም ዓይኔን ያያሉ። ካስከፋሁዎት ያን ጊዜ ይነግሩኛል።»

እንዲህ ሆኖ ሽቦው በቀርከሃው ላይ አለፈ።

ቴሌቪዥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሰው አልነበረም፤ ትንኝ ነበር። የሐይቁ ትንኝ ብርሃን ሲያይ እንደምታውቁት ነው። ጥቁርና ነጭ ሥዕሉ ላይ ተለጥፎ፣ የዜና አንባቢው ፊቱ ላይ ፈንጣጣ ያለበት ይመስል ነበር። ጋሽ ዱካሞ በጭራ ቀስ አድርገው ይጠርጉለታል። «ይቅርታ፣ እርስዎ ይቀጥሉ» ይሉታል።

አሁን ስለ ዓመቱ ልንገራችሁ። ባለቤቴ የቢሮ ሰው ነው፤ ለእሱ ዓመት የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጋሽ ዱካሞ ሰኔ ሲያልቅ ይመጣሉ ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ለእኔ ደግሞ ዓመት መስከረም ነው፤ ለመስከረም ይመጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከሁለታችንም በፊት መጥተው ሄደው ኖሯል፤ እኛ ነን ያልገባን። ለካ የእሳቸው ዓመት ፊቼ ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው፣ ቀኑ ይህ ነው ሲሉ ነው ዓመት የሚገባው። አንድ ዓመት እዚህ ላይ ይውላል፣ ሌላው ዓመት እዚያ ላይ።

ያን ጊዜ ማታ ምን እንዳደረጉ እናንተ ብታዩ! ሽቦውን ከቴሌቪዥናቸው ነቅለው፣ ጠቅልለው ጠቅልለው፣ እንደ አክሊል ክብ ሠርተው በእኛ በኩል አጥሩ ላይ ሰቀሉት። ጠዋት ሳየው የተጣላን መሰለኝ። «ምን በደልናቸው?» ብዬ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። ጋሽ ዱካሞ አልተናገሩም፤ ሻፌታ በሚሉት የሸክላ ሳህን ሙሉ ቡርሳሜ፣ ያ በቅቤ የሚሠራው የቆጮ ምግብ፣ አምጥተው አስቀመጡልንና ትንሽ ቁጭ ብለው ሄዱ። እኛ በላን፤ አመሰገንን፤ ነገሩን ግን አልጠየቅንም። ሽቦው እንደተሰቀለ ሰነበተ። የኋላ ኋላ ባለቤቴ ሄዶ «ጋሼ፣ ሽቦው ምነው?» አላቸው።

«ዓመት ዞረ። ያለፈው ቃላችን አልቋል። ቡርሳሜ ይዤ መጣሁ፣ እርስዎ ምንም አላሉም። ሳይነጋገሩ በሰው መብራት ይታያል እንዴ?»

«ጋሼ፣ የእኛ ዓመት እኮ ገና ነው! ሰኔ ሠላሳ ነው የሚያልቀው።»

«የእርስዎ ዓመት ይቆይ ይሆናል። የእኔ ግን ገብቷል። አይዴ ጫምባላላ!»

አይዴ ጫምባላላ ማለት የእነሱ የእንኳን አደረሳችሁ ነው። ባለቤቴ «ዓመት እኮ አንድ ነው ጋሼ» ሊል ጀመረና በራሱ ሳቀ። ውሉ ታደሰ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፊቼ በሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ ሲባል፣ ያኔ እንደ ዛሬው ድምቀት ባይኖረውም፣ እኛ አጥሩን እናያለን። ሽቦው ተጠቅልሎ ከተሰቀለ ጋሽ ዱካሞ በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ይቀመጣሉ። ባለቤቴን ዓይን ዓይኑን ያዩታል፤ ከዚያ እኔን። «ያስከፋሁዎት ነገር አለ?» ይላሉ። የለም ስንል እጅ ይመታሉ። ከዚያ ሽቦውን እያስገቡ፣ ማንጎው ሥር ወደተቀመጡት ሚስታቸው ዞር ብለው በአማርኛ «ታደሰ!» ብለው ይጮኻሉ።

ባለቤቴ ደግሞ ከቤት ውስጥ «አቤት!» ይላል።

አንድ ጊዜ በእውነት የተጠራ መስሎት ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ሆን ብሎ፣ በር ላይ ቆሞ፣ «ታደሰ!» እስኪባል ይጠብቅ ነበር። «አቤት!» ሲል ሁላችንም እንስቃለን። እትዬ ዳንጊሴም አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። እኛ ስለሳቅን የሚስቁ ነበር የሚመስለን።

ማታ ማታ ዜናው ሲጀምር አቀማመጣችን የታወቀ ነው። እትዬ ዳንጊሴ መደቡ ላይ ከፊት፣ ጋሽ ዱካሞ ከጎናቸው በርጩማ ላይ፣ እኛ ከኋላ። አንባቢው አንድ ነገር ያነባል፤ ጋሽ ዱካሞ ወደ ሚስታቸው ጆሮ ጠጋ ብለው በሲዳምኛ ይተረጉማሉ። እትዬ ዳንጊሴ «እህ» ይላሉ፣ ምላሳቸውን ያስጮኻሉ፣ አንዳንዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። አንባቢው ስለ ምርት ዕቅድ ሲያወራ የእትዬ ዳንጊሴ ዓይን እንባ ሲያቀር አይቼ፣ የምርት ዕቅድ ይህን ያህል የሚነካቸው ሴት አላየሁም ብዬ ተገርሜያለሁ።

የዜናው አማርኛም ቢሆን ያኔ ለእኛ እንኳን ይከብድ ነበር። ጋሽ ዱካሞ አንድ ማታ ወደ ባለቤቴ ዞረው «ይህ በየቀኑ የሚሰድቡት ኢምፔሪያሊዝም የሚባለው ሰውዬ የማን ልጅ ነው? ሽማግሌ አጥቶ ነው የማይታረቁት?» አሉት። ባለቤቴ በሩን አየና «ቀስ ይበሉ ጋሼ» አላቸው። ሳቁን ግን እስከ ቤት አላቆመም።

ምስጢሩን ያወጣችው ብርቱካን ናት። ከሰፈሩ ልጆች ጋር እየተጫወተች ሲዳምኛ እንደ ውኃ ጠጥታው ነበር። አንድ ማታ እግሯን ሳጥባት «እማዬ፣ ጋሼ ዱካሞ ዜናውን አይደለም እኮ የሚያወሩት» አለችኝ።

«እና ምን ነው የሚያወሩት?»

«ቴሌቪዥኑ ስለ ትራክተር ይላል፣ እሳቸው የወንድምሽ ነጭ ላም ታማ ነበር ድናለች ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ስለ ስብሰባ ይላል፣ እሳቸው አለታ ዝናብ ጥሏል፣ ቡናው ዘንድሮ ያማረ ነው፣ የእገሊት ልጅ ወንድ ወለደች ይላሉ። ሰውየው ነው ያለው ብለው።»

አማርኛው ከብዷቸው ነው እንዳልል፣ ከብዷቸውም ሊሆን ይችላል። ግን ከየት አምጥተው? ባለቤቴ መልሱን መናኸሪያ አገኘው። በገበያ ቀን ለሥራ ጉዳይ ሲያልፍ፣ ጋሽ ዱካሞ መረባቸውን ትተው ከአለታ የመጣ መኪና በር ላይ ቆመዋል። የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። «እርስዎ ከየትኛው ቀበሌ ነዎት? የዚያ ቤት ሰዎች ደኅና ናቸው? ላሟስ?» ቅርጫት የተሸከመች ሴት «አንተ ሰውዬ አሳልፈኝ!» ስትላቸው «እርስዎ ይለፉ፣ ብቻ ላሟን ይንገሩኝ» ይሏታል። ከፈጠራ አልነበረም ማለት ነው። ሰብስበው ነው። ቀን ሰብስበው ማታ በዜና አንባቢው አፍ ይነግሯቸዋል። መንግሥት በየቀኑ የአለታን ላም ጠያቂ የሆነበት አገር እትዬ ዳንጊሴ ብቻ ነበር የሚኖሩበት ብለን ሳቅን። ባለቤቴ ቆይቶ ግን ሳቁን ተወና «ለእኔ እንዲህ የሚያነብልኝ ባገኝ» አለ። እናቱ መንዝ ነበሩ።

አንድ ዓመት ግን ኑሮው ጠበበብን። የባለቤቴ እናት ታመው መድኃኒት መላክ አለብን። ከደመወዙ ላይ ለዚህ መዋጮ ለዚያ መዋጮ ይቆረጣል። እኛው ራሳችን አንዷን አምፖል ነቅለን ከክፍል ክፍል እያዞርን ነበር የምንኖረው፤ እራት ስንበላ እዚህ፣ ልጅ ስናስተኛ እዚያ። የመብራት ክፍያው ሲመጣ ባለቤቴ ወረቀቱን ሳይሆን አጥሩን ያያል።

ፊቼ ደረሰ። ሽቦው ተጠቅልሎ ተሰቀለ። ጋሽ ዱካሞ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ተቀመጡ፤ ዓይን ዓይናችንን አዩ። «ያስከፋሁዎት ነገር አለ?»

ባለቤቴ እንደ ወትሮው «የለም» ሊል አፉን ከፈተና «ጋሼ... ዘንድሮ ጥቂት ቀን ይስጡን፤ እንማከር» አለ።

ፊታቸው አልተለወጠም። «ቃል ለመስጠት አይቸኮልም» አሉ። ተነሥተው ወጡ። «ታደሰ!» የሚል ጩኸት አልተሰማም።

እነዚያ ቀናት ደስ አይሉም ነበር። ማታ ከአጥሩ ወዲያ ጨለማ ነው፤ የኩራዝ ብርሃን በቀርከሃው መሐል ትታያለች። ብርቱካን «ዛሬም ዜና የለም?» ትላለች። ጋሽ ዱካሞ ጠዋት እንደ ወትሮው ሰላምታ ይሰጡናል፤ አንዲት የቅሬታ ቃል የለችም። እሱ ነው የባሰብን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ አጥሩ ሥር ቆመን ልብስ እያሰጣን ተነጋገርን። ያ የተጠቀለለ ሽቦ ከራሳችን በላይ ተሰቅሏል።

«ይቅር እንበላቸው» አለ ባለቤቴ። «ምን ላድርግ? የእናቴን መድኃኒት አላቋርጥ።»

«ሴትየዋስ? ከዚያ ሳጥን ሌላ ምን አላቸው?»

«እሱ መች ጠፋኝ! ፈቃዱንም እሳቸው እንደምንም ብለው ከፍለውታል። ቢያስቀይሙኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እንዴት ብዬ ነው መብራቴን ውሰዱ የምላቸው... መልሱ ማለቴ ነው።» ተናዶ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ አራገፈው።

«ቀስ በል» አልኩት። እትዬ ዳንጊሴ ከአጥሩ ወዲያ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ በቀርከሃው ክፍተት ነጠላቸው ይታየኛል። ከዚያ መልሼ «ግዴለም፣ እሳቸው አማርኛ አይሰሙም» አልኩ።

«ብንከለክላቸው ጋሽ ዱካሞ የአለታውን ዜና በምን ይነግሯቸዋል?» አለ ባለቤቴ። «ከሰው ሰማሁ ቢሏቸው እንደ ቴሌቪዥኑ አይሆንላቸውም።»

«ምስኪን» አልኩ እኔ፣ «ሰውየው የሚያነበው ይመስላቸዋል እኮ።»

እሺም እምቢም ሳንል ልብሱ ተሰጥቶ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ዱካሞ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ሳንጠራቸው። ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ መርፌዋ እላዩ ላይ ነበረች።

«ትንሽ ነገር ላስቸግርዎ» አሉ ባለቤቴን። «ዳንጊሴ ዓይኗ ደከመ። በየማታው ማየት አልቻልኩም ትላለች። ቅዳሜ ብቻ ይበቃኛል ትላለች። ለቅዳሜ ብቻ የሚሆን ውል ይኖርዎታል?»

እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ምንም ሥራ አልነበረኝም ጓዳ።

«ይኖረኛል ጋሼ» ሲል ሰማሁት።

ጋሽ ዱካሞ ሽቦውን ከአጥሩ አወረዱ። «ታደሰ!» ብለው ጮኹ። ባለቤቴ «አቤት!» ያለው በር ላይ ቆሞ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ነው። እትዬ ዳንጊሴ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ከዚያ ወዲያ የእኛ ቅዳሜ ሌላ ሆነ። የሳምንቱ ወሬ ሁሉ የሚወጣው በአንድ ማታ ነው። አንባቢው ደኅና እደሩ ብሎ ይሄዳል፤ ዘፈን ይጀምራል፤ ጋሽ ዱካሞ ገና እየተረጎሙ ነው። ዘፋኟ ስትዘፍን እሳቸው የእገሌ ቡና ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው ያወራሉ። ባለቤቴ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ ዜናው እኮ አልቋል!» ይላቸዋል፤ ሊያስቃቸው።

«በእርስዎ ቋንቋ አልቋል» ይላሉ ዞር ሳይሉ። «በእኛ ገና ነው።»

የባለቤቴ እናት ድነው፣ ኑሮውም ትንሽ ፈታ ሲል፣ በየማታው ይሁን ብለናቸው ነበር። እምቢ አሉ። ቅዳሜ ለምደናል አሉ።

ደርግ ወደቀ። እኛ ሌላ ሰፈር ገባን። ጋሽ ዱካሞም የራሳቸውን ቆጣሪ አስገቡ። ሽቦው ቀረ ማለት ነው። ፊቼ ሲደርስ ግን በራችን ተንኳኳ፤ ጋሽ ዱካሞ ናቸው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሻፌታቸውን ይዘው፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ምንም ውል የለንም» አላቸው ባለቤቴ።

«ሽቦው ነው የሌለው» አሉ። ተቀመጡ። ዓይን ዓይናችንን አዩ። «ያስከፋሁዎት ነገር አለ?»

እስከሚሞቱበት ዓመት እንዲሁ መጡ። ባለቤቴ ቀድሟቸው ካረፈ በኋላም መጥተው፣ ባዶ ወንበሩን አይተው፣ እኔን ብቻ ጠየቁኝ። የዚያን ቀን ሲወጡ በር ላይ ቆመው ቀስ ብለው «ታደሰ» አሉ። መጥራታቸው ይሁን ውሉን ማለታቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ዲሹን አሳድሱ ወይም ተዉት አልልም እንግዲህ፤ እሱ የደመወዛችሁ ጉዳይ ነው። እኔ የማውቀው ውል ይህ ነው።

ጋሽ ዱካሞ ያረፉ ጊዜ ለቅሶው ላይ ሰው ብዙ ነበር። ሰው ሲበተን፣ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ እትዬ ዳንጊሴን ልያቸው ብዬ ሄድኩ። የወንድማቸው ልጅ ልታስታምማቸው ከአለታ መጥታ ነበር፤ ከውጭ ውኃ ትቀዳለች። እሳቸው መደቡ ላይ ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ያው አሮጌው ሳጥን። በርጩማዋ ባዶዋን ናት። ቆሜ ልቀር አልፈለግኩም፤ እሷ ላይ ተቀመጥኩ።

ዜናው ጀመረ። ዝም ማለቱ ጨነቀኝ። በተሰባበረች ሲዳምኛዬ፣ ከብርቱካን የለቃቀምኳት ናት፣ «ሰውየው... አለታ... ዝናብ...» ማለት ጀመርኩ። ላም የሚለው ቃል ጠፋኝና በእጄ ቀንድ ሠራሁ።

እትዬ ዳንጊሴ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«ተዪው ልጄ» አሉኝ። «ይሰማኛል።»

በአማርኛ። ከእኔ አማርኛ በጠራ አማርኛ። ቀንዴን እንደሠራሁ ቀረሁ።

ለካ በልጅነታቸው ይርጋለም የሰው ቤት ነው ያደጉት። ትዳር እስኪይዙ የዚያን ቤት ልጆች አዝለው ያሳደጉት፣ እሹሩሩ ያሉትም በአማርኛ ነበር። የአጥሩ ሥር ንግግራችን፣ መድኃኒቱ፣ «ምስኪን» ያልኩት፣ ባለቤቴ ሸሚዝ ሲያራግፍ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጣብኝ።

«ያን ጊዜ ቅዳሜ ይበቃኛል ያሉት...»

«እናንተ አጥሩ ሥር ስትጨነቁ ሰምቼ ነው» አሉ። «ታደሰ ነፍሱን ይማር፤ አቤት ሲል ደስ ይለኝ ነበር።»

«ዜናውስ? ትራክተሩስ?»

ትከሻቸው እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ። «ትራክተር ሲሉ ላም ሲለኝ፣ ሳቄን እንዴት እንደምችለው እኔ ነኝ የማውቅ!»

«ጋሼስ? አማርኛ እንደሚሰሙ ያውቁ ነበር?»

ቴሌቪዥኑን አዩት። አንባቢው አሁንም ያነባል።

«ያን ሁሉ ዓመት» አሉኝ፣ «አንድ ቀን አልጠየቀኝም።»